የአሮጌው ስም በአዲሱ መኪና ላይ፦ በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የተሽከርካሪ ስሞችና የቃል ታሪክ

የቃል ታሪክ የሚሰበስብ ሰው ከመረጃ አቀባዩ አንደበት ቀንና ዓመተ ምሕረት አዘውትሮ አያገኝም። የሚያገኘው ምልክት ነው፤ ‹‹በክፉው ቀን››፣ ‹‹መንገዱ ሳይወጣ››፣ ‹‹እገሌ ወረዳ ገዢ ሳለ›› የሚል። በዚህ የምልክት ዝርዝር ላይ ከጣሊያን ወረራ ወዲህ አንድ አዲስ ዓይነት ታክሏል፤ ይኸውም የመኪና ስም ነው። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ፣ ማለትም በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በሳይንትና በለጋምቦ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ያለፈ ነገር ሲተርኩ ‹‹በኤንትሬ ተጭነው››፣ ‹‹ላንድሮቨር መጥታ›› ይላሉ። ሰሚው ጊዜው የተጠቆመለት ይመስለዋል። ይመስለዋል ማለቴ ስሙ ከመኪናው ዕድሜ ይበልጥ የሚኖር ስለሆነ ነው። ኤንትሬው ዝጎ ከተጣለ በኋላ በእግሩ የተተካው መኪናም ኤንትሬ ይባላል፤ ላንድሮቨሯ ከቀረች በኋላ የመጣችውም ላንድሮቨር ናት። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ይህንኑ ልማድ ነው። ልማዱ ከየት እንደ መጣ፣ በምን ሕግ እንደሚሠራ፣ በተለይ ደግሞ የቃል ታሪክንና የቃል ግጥምን በምናጠና ሰዎች ላይ ምን ችግር እንደሚያስከትል ለማየት እሞክራለሁ።

ልማዱ ከመኪና ጋር አልመጣም። ከመኪና በፊት ጠመንጃ ነበር። ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳይኛው ‹‹ፉዚ ግራ›› (የግራ ጠመንጃ ማለት ነው)፣ ለበን ከለቤል፣ ምንሽር ከኦስትሪያዊው የማንሊኸር ስም የመጡ መሆናቸው የታወቀ ነው። እነዚህ ሁሉ የሠሪ ወይም የፈልሳፊ ስሞች ነበሩ። አገራችን ሲገቡ ግን የሰው ስምነታቸው ጠፍቶ የዕቃ ስም ሆኑ። በእኛ ዘመን ‹‹ክላሽ›› የሆነውም እንዲሁ ነው። ክላሽንኮቭ እ.ኤ.አ. በ1947 የነደፈው ጠመንጃ ከዓመታት በኋላ ተሻሽሎ ሌላ መለያ ተሰጥቶታል፤ ቻይናም ሩማንያም በየስማቸው ሠርተውታል። ለደጋው ሰው ግን ሁሉም ክላሽ ነው። የፋብሪካው መለያ ፊደልና ቁጥር ለመጋዘን ጸሐፊ እንጂ ለታጣቂው ጉዳዩ አይደለም።

ከጠመንጃው ይልቅ ለነገራችን የሚቀርበው ‹‹ባቡር›› የሚለው ቃል ነው። ሥሩ እንፋሎት የሚል ትርጉም ያለው የአውሮፓ ቃል ሲሆን በፈረንሳይኛ ቫፐር፣ በጣሊያንኛ ቫፖሬ ይባላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ ‹‹የሰርኪስ ባቡር›› ተባለ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ቃሉ በዚያው ላይ ጸና፤ ‹‹ምድር ባቡር›› የመሥሪያ ቤት ስም ሆነ። ሐዲድ ባልደረሰበት በወሎ ደጋ ግን ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነው። እህሏን ተሸክማ ‹‹ባቡር ቤት›› የምትሄድ ሴት ሐዲድ አይታ የማታውቅ ልትሆን ትችላለች። ወፍጮው በእንፋሎት አልሠራም፤ በናፍጣ ነው የሠራው፤ መብራት በገባበት ከተማ ደግሞ ናፍጣውም ቀርቶ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ስሙ ግን ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ፣ ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ አንዳች ሳይጎድልበት ተሸጋግሯል። ‹‹መኪና›› ራሱ ከጣሊያንኛው ‹‹ማኪና›› የመጣ ሆኖ በመጀመሪያ ማናቸውንም ማሽን የሚያመለክት ነበር፤ የልብስ ስፌቱን ዛሬም መኪና እንለዋለን።

ወደ ጭነት መኪናዎቹ ልለፍ፤ ነገሩ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት ከአሥመራ በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰውን መንገድ ሲሠራ በዚያ መንገድ የተመላለሱት ትልልቅ የፊያትና የላንቻ ጭነት መኪናዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ፊያት 634 ሲሆን በሕዝቡ አፍ የቀረው የቁጥሩ ጭራ ብቻ ነው፤ ‹‹ትሬንታ ኳትሮ››፣ ሠላሳ አራት። የመጀመሪያው ስድስት የት እንደ ገባ የሚጠይቅ የለም። ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1952፣ ፊያት 682 የተባለውን አወጣ። የዚህ መኪና ሦስተኛው ተከታታይ ‹‹ኤን 3›› የሚል መለያ ነበረው፤ ‹‹ኤን›› በጣሊያንኛ ናፍጣ ለሚለው ቃል የቆመ ፊደል ነው። ጣሊያኖች ፊደሉን ‹‹ኤነ››፣ ቁጥሩን ‹‹ትሬ›› ብለው ይጠሩታል፤ የእኛ ሹፌሮችና መካኒኮች ሁለቱን አጣብቀው አንድ የአማርኛ ስም አደረጓቸው፦ ኤንትሬ። ቃሉ ብዙ ቁጥር ያወጣል (ኤንትሬዎች)፣ መስተዋድድ ይቀበላል፣ አገናዛቢም ይሆናል፤ ባለቤቱ ‹‹ኤንትሬዬ›› ይለዋል። በዚህ ረገድ ከ‹‹በሬ›› የሚለይበት ነገር የለም።

ፊያት 682 እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ ድረስ የተሠራ፣ በአፍሪካ መንገዶች ላይ በጽናቱ የታወቀ መኪና ነበር። በኢትዮጵያ የፊያት የጭነት መኪና መገጣጠሚያ የሆነው አምቼ (ይህም የድርጅቱ ስም መነሻ ፊደላት በጣሊያንኛ ሲነበቡ የሚሰጡት ድምፅ ነው) እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቋመ። ከአምስት ዓመት በኋላ ፊያት የጭነት መኪና ሥራውን ከሌሎች አምራቾች ጋር አዋሕዶ ኢቬኮ የሚባል ድርጅት መሠረተ። ከዚያ ወዲህ በመኪናው ግንባር ላይ የሚነበበው ኢቬኮ ነው። ይሁን እንጂ ከደሴ እህልና ሲሚንቶ ጭኖ በለጋምቦ አቀበት እያጓራ ወደ መካነ ሰላም የሚወጣውን ባለ ተሳቢ መኪና ‹‹ኤንትሬ መጣ›› ብለው የሚጠሩ ሰዎችን ግንባሩ ላይ ያለው ጽሕፈት አላገዳቸውም። በእነርሱ አጠራር ኤንትሬ የፊያት ሦስተኛ ተከታታይ መሆኑ ቀርቶ ትልቅ ጭነት የሚያወጣ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ መኪና ማለት ሆኗል።

ከዚህ ጋር ‹‹ሎንቺና›› የሚለውን ቃል ማየት ያስፈልጋል። ሎንቺና ከትልቁ አውቶቡስ ያነሰ የሕዝብ ማመላለሻ መጠሪያ ሆኖ ብዙ ጊዜ አገልግሏል። የቃሉ ምንጭ ኦ ኤም የተባለው የጣሊያን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው ‹‹ሊዮንቺኖ›› የሚባል አነስተኛ የጭነት መኪና ነው ብዬ አምናለሁ። ተነባቢዎቹ (ል-ን-ች-ን) በቅደም ተከተላቸው ሳይነኩ አሉ፤ የተለወጠው የመነሻው ሁለት አናባቢ ወደ አንድ መጠቃለሉና የመድረሻው ‹‹ኖ›› ወደ ‹‹ና›› መዞሩ ነው። ሊዮንቺኖ ትንሽ አንበሳ፣ ደቦል እንደ ማለት ነው። የአዲስ አበባው የከተማ አውቶቡስ ስሙ አንበሳ መሆኑን ስናስብ ሕዝቡ ሳያውቀው ትልቁን በአንበሳ፣ ትንሹን በደቦል ስም ሲጠራ ኖሯል ማለት ነው። ፋብሪካው ኦ ኤም ኋላ በኢቬኮ ውስጥ ከተዋሐዱት አንዱ ስለሆነ ኤንትሬና ሎንቺና በጣሊያን አገር አንድ ቤት ገብተዋል፤ እኛ ዘንድ ግን በየስማቸው ቀሩ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በገጠሩ መንገድ የነገሠው አይሱዙ ነው። ይህ የጃፓን ፋብሪካ ስም በእኛ ዘንድ የመካከለኛ ጭነት መኪና ሁሉ መጠሪያ ሆነ። አገር ውስጥ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ አካል ሲሠራለትና ሰው ሲጭን ‹‹ቅጥቅጥ›› ተባለ። በፍጥነቱና ባደረሰው አደጋ የተነሣ ‹‹አልቃይዳ›› የሚል የመረረ ቅጽል ወጣለት። የቻይና መኪናዎች ሲመጡ ደግሞ የሰዋስው ተማሪ ሊያስተውለው የሚገባ አጠራር ተፈጠረ፤ ‹‹የቻይና አይሱዙ››። አይሱዙ የጃፓን መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ሐረጉ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። ለተናጋሪው ግን አይሱዙ የወል ስም ስለሆነ ቻይናነት እንደ ማናቸውም ገላጭ ይገባበታል።

‹‹ባጃጅ››ም ከዚህ ወገን ነው። ባጃጅ የሕንድ ፋብሪካ፣ ከዚያም በፊት የአንድ የሕንድ ቤተሰብ ስም ነው። ቲቪኤስ የሚባለው ሌላው የሕንድ ፋብሪካ የሚሠራው ባለ ሦስት እግርም ‹‹ባጃጅ›› ነው፤ በባትሪ የሚሄደውም ‹‹የኤሌክትሪክ ባጃጅ›› ተብሏል።

‹‹ላንድሮቨር›› የሚለው ስም ግን የተለየ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረው ይህ የእንግሊዝ መኪና በገጠር ኢትዮጵያ የመንግሥትና የእርዳታ ሠራተኛ መኪና ሆኖ ታወቀ። የወባ ማጥፋት ድርጅት ሠራተኞች፣ ቀያሾች፣ የአውራጃ ሹሞች በእርሱ መጡ። መኪናው የመጣበት ጉዳይ አብሮ ከስሙ ጋር ተጣበቀ። ከዚያ በኋላ ቶዮታ ላንድክሩዘር ቦታውን ሲወስድ (የከተማ ሰው ‹‹ሃርድቶፕ›› የሚለው ጭምር) አሮጌዎቹ ሰዎች ላንድሮቨር ማለታቸውን አልተዉም። እዚህ ላይ የስሙ ወራሽ የሆነው የመኪናው ቅርጽ አይደለም፤ የመጪው ሰው ማንነት ነው። ላንድሮቨር ማለት የመንግሥት ሰው የሚመጣበት መኪና ማለት ነው። በከተማው አማርኛ የዚህ ቦታ ተረካቢ ‹‹ቪ ኤት›› ነው። ስሙ ስምንት ሲሊንደር ላለው የላንድክሩዘር ሞተር የተሰጠ ሲሆን ወዲያው የባለሥልጣን ድሎት መጠሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አዲሱ ላንድክሩዘር ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ብቻ ነው፤ ስምንቱ ቀርቷል። እርሱንም ‹‹ቪ ኤት›› ሲሉት ሰምቻለሁ፤ የሚናገረው ሰው ሲሊንደር እየቆጠረ ስላልሆነ አያስገርምም።

የአዲስ አበባን ስሞች በአጭሩ ብቻ ላንሣ። ትንሿ ታክሲ በፊያት 600 ዘመን ‹‹ሰይቼንቶ›› ነበረች፤ ኋላ ላዳ መጣች። ላዳ ራሷ ከፊያት 124 ተቀድታ በሶቪየት ኅብረት የተሠራች ስለሆነች ዝምድናው ከፋብሪካው ይጀምራል ማለት ይቻላል። ዛሬ ‹‹ላዳ ያዝልኝ›› የሚል ሰው በኮንትራት የሚሄድ ታክሲ መፈለጉን እንጂ የመኪናውን ዓይነት አልተናገረም። ‹‹ራይድ››ም የአንድ ድርጅት ስም ሆኖ ሳለ በስልክ የሚጠራ መኪና ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ‹‹አባዱላ›› ነው። አባ ዱላ በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት የጦር መሪ ማዕርግ ነው፤ ማዕርጉ የአቶ አባዱላ ገመዳ መጠሪያ ሆነ፤ ከእርሳቸው ደግሞ ወደ አንድ የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ ዓይነት ተላለፈ። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ‹‹አባ ሻንቆ›› ነበሩ። በአባዱላ ነገሩ ተገልብጦ መጓጓዣው በሰው ስም ተጠራ።

እስካሁን ያየናቸው ስሞች ሁሉ ወደ ተከታዮቻቸው ተሻግረዋል። የማይሻገርም አለ። ‹‹ቮልስ›› ፋብሪካው ቮልስዋገን ከሆነው ከዚያች ክብ ጀርባ ካላት ትንሽ መኪና ተላቆ አያውቅም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የዚያው ፋብሪካ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በቻይና በኩል በብዛት ገብተዋል፤ ግን ቮልስ ያላቸው የለም፤ ‹‹አይዲ›› ተባሉ። ፋብሪካው አንድ ሆኖ ስሙ ያልተወረሰው ለምንድን ነው? የቮልስ ስም የተጣበቀው በመልኳ ላይ ስለነበረ ይመስለኛል። በሥራ ላይ የተጣበቀ ስም ሥራውን የሚረከብ ሁሉ ይወርሰዋል፤ በመልክ ላይ የተጣበቀ ግን ከመልኩ ጋር ይቀራል። ኤንትሬ፣ ላንድሮቨር፣ ላዳ የሥራ ስሞች ሆነዋል። መኪናው ቢለወጥም ጭነቱ፣ ጉዳዩና ኮንትራቱ አልተለወጡም።

ልማዱን ካለማወቅ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የመካነ ሰላም የመኪና ረዳት በኢቬኮና በፊያት መካከል ያለውን የመለዋወጫ ልዩነት ከማናችንም ይበልጥ ያውቃል፤ ሲጠራው ግን የቆየውን ስም ይመርጣል። አምራቾቹም ቢሆኑ ይህንኑ ያደርጋሉ። ቶዮታ ኮሮላ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ መኪናውን ዐሥራ ሁለት ትውልድ ያህል እየለወጠ ሳይለውጠው ኖሯል። ላንድሮቨር ደግሞ በተቃራኒው የመጀመሪያው መኪና ስም የድርጅቱ ስም ሆኖ ስለ ዋጠው እ.ኤ.አ. በ1990 ለዚያው መኪና ‹‹ዲፌንደር›› የሚል አዲስ ስም ማውጣት ግድ ሆኖበታል። በመዝገበ ቃላትና በሕግ ጽሑፍ ‹‹ተሽከርካሪ›› የሚል ጥሩ የአማርኛ ቃል አለን፤ ግን አንድም ሰው ‹‹ተሽከርካሪ መጣልን›› ብሎ ከመናኸሪያ አይነሣም።

አሁን ወደ ታሪኩ ችግር ልመለስ። አንድ የቃል ምስክርነት ኤንትሬን ከጠቀሰ የምናገኘው የጊዜ ወሰን አንድ ወገን ብቻ ነው። ነገሩ መኪናው አገር ከመግባቱ በፊት ሊሆን አይችልም፤ ከዚያ በኋላ ግን መቼም ሊሆን ይችላል። ይህ በምዕራብ ደቡብ ወሎ የተለየ ክብደት አለው። በዚህ አገር ሕዝብ በመኪና እየተጫነ ወደ ሌላ አገር የሄደው አንድ ጊዜ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ከረኀቡ ጋር ተያይዞ ደርግ ያካሄደው ሠፈራ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ወሰደ፤ ትልቁ ድርሻ የወሎ ነበር። ብዙዎቹ በግዳጅ ሄዱ፤ ከቤተሰባቸው የተለዩም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየክልሉ ውስጥ ሌላ ሠፈራ ተካሄደ፤ በዚህኛው የአማራ ክልል ሠፋሪዎች ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ ወረዱ። ይኸኛው በፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው ተብሎ የታወጀ ነው። ሁለቱ ሠፈራዎች በመንግሥት፣ በዓላማና በአፈጻጸም የተለያዩ ናቸው። በአፍ ትረካ ግን ሁለቱም ‹‹ሠፈራ›› ናቸው፤ በሁለቱም ሰው የተጫነው በኤንትሬ ነው።

ከቦረና ያገኘኋቸው አንዲት አሮጊት ወንድማቸው ለሠፈራ በኤንትሬ ተጭኖ እንደ ሄደና እንዳልተመለሰ ነግረውኛል። ትረካው እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ጽሑፉን የሚያነብ ማንኛውም ተመራማሪ ኤንትሬንና ሠፈራን አገናኝቶ ወደ 1977 ዓ.ም. ይወስደው ነበር፤ ያልተመለሰው ወንድምም በግዳጅ ከተጋዙት መካከል ይቆጠር ነበር። ወዴት እንደ ሄደ ስጠይቃቸው ቋራ አሉ። በ1977 የተወሰዱት የወሎ ሰዎች የሄዱት ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላ ነው፤ ስለዚህ የእርሳቸው ወንድም የኋለኛው ሠፈራ ሰው ነው። ሰውየው የሄደበትን ምክንያት፣ ያልተመለሰበትን ምክንያት፣ ተጠያቂውንም የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው። መኪናው በእውነት የፊያት ሦስተኛ ተከታታይ ነበረ ወይስ ኢቬኮ የሚለው ጥያቄ ለእርሳቸው ምንም አይደለም፤ ለሚያጣራው ሰው ግን ዓመቱ የሚገኘው ከቦታው ስም እንጂ ከመኪናው ስም አልነበረም።

በግጥም ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በልቅ ንግግር ተናጋሪው አሮጌውን ስም በአዲሱ ወይም አዲሱን በአሮጌው እንደ ፈለገ ይለውጣል። በቃል ግጥም ግን ስሙ ያለበት ቦታ ይወስነዋል። ስሙ በስንኙ መካከል ካለ አዝማሪው ወይም አልቃሽዋ ልኩ እስከ ተመጣጠነ ድረስ በሌላ ሊተኩት ይችላሉ፤ የአያት ምንሽር በልጅ ልጅ አፍ ክላሽ ሊሆን ይችላል። ስሙ ቤት መምቻ ሆኖ ከቆመ ግን መተካቱ ቀላል አይደለም፤ በ‹‹ር›› የሚደፋው ምንሽር በ‹‹ሽ›› በሚደፋው ክላሽ ቢለወጥ የጓደኛው ስንኝ ቤት ይፈርሳል፤ እርሱንም መለወጥ ግድ ይሆናል። ‹‹ኤንትሬ››ም ከ‹‹አገሬ››፣ ከ‹‹ፍቅሬ››፣ ከ‹‹ገበሬ›› ጋር በቀላሉ ቤት ስለሚመታ በሠፈራ ዘመን እንጉርጉሮ ውስጥ ቢጸና የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ ግጥምን በውስጡ ባለው የመኪና ወይም የጠመንጃ ስም ዘመን ለመስጠት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ስሙ ቤት መምቻ ላይ ነው ወይስ በመካከል የሚለውን ቢለይ ይበጀዋል። ቤት መምቻ ላይ ያለው ከመጀመሪያው ገጣሚ የመጣ የመሆን ዕድሉ ይበልጣል፤ በመካከል ያለው የመጨረሻው ዘፋኝ ቃል ሊሆን ይችላል።

ይህም ሆኖ በቤት መምቻ ያለው ስም ራሱ የሚያመለክተው የቱን መኪና ነው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። በመካነ ሰላም ከተማ ገበያ ቀን ዳር ቆሜ ሰው መኪናዎቹን ሲጠራ ባዳመጥሁ ጊዜ ‹‹ኤንትሬ›› ተብለው ከተጠሩት መካከል ፊያት የሚል ጽሕፈት ያለበት አንድም አላየሁም። አሁን ዓባይን ተሻግሮ ከጎጃሙ ጉንደወይን ጋር በሚያገናኘው መንገድ የሚመጡ መኪናዎች ደግሞ በደሴ በኩል ከሚመጡት ጋር በአንድ መናኸሪያ ይገናኛሉ። ከወጣት ሹፌሮች አንዱን ኤንትሬ ማለት የቱ እንደ ሆነ ጠየቅሁት፤ እጁን ወደ አንድ የቻይና ሲኖትራክ ዘረጋ።